ተገልብጦ የተተከለው ድንኳን

ድንኳኑን ለምኜ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬም ቢሆን አልጸጸትበትም። ደብረ ብርሃን ብርዱ ከነፋስ ጋር ተመካክሮ የሚመጣበት ከተማ ነው። የእድራችን አሮጌ ሸራ ደግሞ ከመቀዳደዱ ብዛት ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ዣንጥላ ይዘረጋ ነበር። ሰፈርተኛው ይህን እያየ «እድራችን ሟቹን ቀብሮ ለቀስተኛውን ሊያስከትል ነው» ብሎ ይቀልዳል፤ ለአዲስ ድንኳን መዋጮ ይጨመር ሲባል ግን ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

እኔ የእድሩ ንብረት ያዥ ነኝ። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱ፣ ሁሉም በእጄ ነው። የምተዳደረው ደግሞ በሱቅ ነው። ከሸቀጤ ሁሉ ብዙ የሚሄደው የምግብ ዘይት ስለነበር ፋብሪካው የሰፈሩ ወኪል አድርጎኝ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። አንድ ቀን የፋብሪካው የማስታወቂያ ሠራተኛ የሱቄን ግድግዳ ቢጫ ሊያስቀባ መጣ። «ግድግዳዬን ከምትቀባ ለእድራችን ድንኳን አትሰጥም?» አልኩት። ቀልዴን ነበር። ብዙም ሳይቆይ ድንኳኑ በጭነት መኪና መጣ። ወፍራም ቢጫ ሸራ ነው፤ በየጎኑ ሰሃን የሚያክል ሳይሆን ጎማ የሚያክል የሱፍ አበባ ታትሞበታል፤ በአንደኛው ጎን ደግሞ ከአበባው ሥር በቀይ «ከእናንተ ጋር ነን» ይላል። የእድራችን ዳኛ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ዙሪያውን ዞረው አዩትና «ለሠርግ ነው ለለቅሶ?» አሉ። ተሳሳቅን። ዝናብ ግን አያስገባም፤ ያ በቃን። ስንቱን አለቀስንበት።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። እኔ ለማን እንዳዘነበልኩ አልጽፍም፤ ጎረቤት አለኝ። ከሰፈራችን ልጆች አንዳንዱ የመንግሥትን መለዮ ለብሶ ሄደ፤ አንዳንዱ በአንኮበር በኩል ወርዶ ጫካ ገባ። እናቶቻቸው ግን አንድ ቧንቧ ላይ ተራ ይጠብቃሉ፣ ወፍጮ ቤት አብረው ይሰለፋሉ። እድሩም አንድ ነበር። ጥሩምባ ሲነፋ የማንም ልጅ ይሁን ሁሉም ይወጣል። በእድር ስብሰባ ላይ ስለ ጦርነቱ አይወራም፤ ይህን ሕግ ማንም አልጻፈውም፣ ሁላችንም ግን እንፈራው ነበር።

ማስታወቂያው የወጣው በበዓል ዋዜማ ነው፤ ሽንኩርቱ እየተቁላላ ቴሌቪዥኑ በየቤቱ ክፍት በሆነበት ሰዓት። አንዲት እናት ከቢጫው ጀሪካን ዘይት ቀድታ ትጠብሳለች። ወታደሮች ከበው እየሳቁ ይበላሉ። ከዚያ ድምፁ የሚያስገመግም ሰው «ከእናንተ ጋር ነን» ይላል፤ አበባው ብቅ ይላል፤ አለቀ። ማማሰያዬን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ዘይት ነጋዴ ዘይቱን ቢሸጥ ምን ነበረበት? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

ከበዓሉ በኋላ አንዲት ደንበኛዬ መጥታ «ዘይት የለሽም?» አለችኝ። ቢጫው ጀሪካን ከጀርባዬ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። «ይኸው» አልኳት። «ሌላ ማለቴ ነው» ብላ ሄደች። እንዲህ እያሉ ብዙዎቹ ቀሩ። አንድ ጧት ደግሞ ሱቄን ልከፍት ስመጣ ደጃፌ ላይ ዘይት ተደፍቶ አገኘሁ፤ አንሸራቶኝ በክርኔ ወደቅሁ። የራሴን ዘይት ነው የደፉብኝ፣ ሽታውን አውቀዋለሁ። ፋብሪካው ሩቅ ነው፣ እኔ ቅርብ ነኝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው።

ይበልጥ ያስፈራኝ ግን ያልገዛው አይደለም፣ ሊገዛ የመጣው ነው። ከሌላ ሰፈር አንድ ሰው መኪናውን ደጄ ላይ አቁሞ ዘይት አስጫነና፣ መንገደኛው ሁሉ እስኪሰማው ድረስ «በርቺ እህቴ! እንዳትፈሪያቸው!» ብሎኝ ሄደ። ምን ሆኜ ነው የምበረታው? ዘይት ነው የሸጥኩት! ከዚያ ቀን ጀምሮ በሩን ገርበብ አድርጌ መሸጥ ጀመርኩ። በዚያው ሰሞን የማስታወቂያው ሠራተኛ ደወለና «ድንኳኑ ሲተከል ፎቶ አንስተሽ ላኪልን፣ ለገጻችን እንፈልገዋለን» አለኝ። «ሟች ስናገኝ እደውልልሃለሁ» ብዬ ዘጋሁበት።

ነገሩ በዘይት ብቻ አልቆመም። በሰፈራችን አንድ ሽማግሌ ሸማኔ አሉ፤ ትውልዳቸው አንኮበር ነው። ልጃቸው ወታደር ነው። ከእኔ ጋር በአንድ አጥር የምትኖር ጎረቤቴ ደግሞ ጥጥ ትፈትላለች፤ ልጇ ጫካ ገብቷል። ሁለቱ ልጆች ሳይወለዱ ጀምሮ እሷ ትፈትላለች፣ እሳቸው ይሸምናሉ። ልጆቹ በተለያየ ወገን ከሄዱ በኋላ እንኳን ድውሯን፣ የፈተለችውን ክር፣ በዘንቢል ይዛ ወደ እሳቸው መሄዷን አልተወችም ነበር። ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ ግን የሸማኔው ደጅ ላይ ቢጫ ጀሪካን አየች። ድውሯን ሰብስባ ጫጫ ከተማ ድረስ ሄዳ ለማታውቀው ሸማኔ ሰጠች። ሰላምታም ተዉ። ሽማግሌው ያንን ዘይት የሚገዙት ከድሮም ስለለመዱት ነው፤ ቴሌቪዥንም የላቸውም። ይህን ብነግራት «አንቺ ነጋዴ ነሽ» አለችኝ። ተናድጄ እኔም ኩርፊያዬን ያዝኩ።

አንድ አመሻሽ ላይ መምህሩ ሱቄ ገብተው በሩን ከኋላቸው ዘጉ። አንኮበር አጠገብ ካለችው ጎረቤላ ደርሶ የተመለሰ ዘመድ ወሬ ይዞ መጥቷል። የጎረቤቴ ልጅ ሞቷል። አስከሬኑም የለም፣ እዚያው ቀብረውታል። «ነገ ጎህ ሲቀድ መርዶ ነው» አሉኝ።

«ድንኳኑስ?» አልኳቸው።

«እሱን ብዬ እኮ ነው የመጣሁት። ያንን አበባ በዚያች ሴት ደጅ ብንተክለው ጎረምሶቹ ያቃጥሉታል።»

«አሮጌው የበረት ክዳን ሆኗል። ከሌላ እድር እንዋስ?»

«ጠይቄያለሁ። የሁሉም ተተክሏል» አሉ። በዚያ ሰሞን ለቅሶ የሌለበት ሰፈር አልነበረም።

መምህሩ የፈሩት ለሸራው አልነበረም። በለቅሶ ላይ ድንኳን የተቃጠለበት እድር በማግስቱ ሁለት እድር ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግማሹ የግማሹን ሬሳ አያነሣም። «ቀባሪ አያሳጣህ» እየተባባልን ኖረን ቀባሪ ልንተጣጣ ነው። እኔ ደግሞ የፈራሁት ለእሷ ነበር። የምትሄድበት መቃብር የሌላት እናት ናት። ልጇን በሰው መካከል የምታለቅስበት እስከ ሠልስቱ ያለው ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ብናበላሽባት ሌላ የላትም።

መምህሩ ብዙ ካሰቡ በኋላ «ገልብጠን እንትከለው» አሉ። «ኅትመቱ በአንድ ፊት ብቻ ነው። ባዶው ወደ ውጭ ይሁን።» ደስ አለኝ። የተማረ ሰው መልካም ነው አልኩ በሆዴ።

ገና ጨለማው ሳይለቅ ተከልነው። ሽማግሌዎቹ በሯን አንኳኩተው ገቡ። ጩኸቷ ሲወጣ የያዝኩት ካስማ ከእጄ ወደቀ። ከመንገዱ ማዶ ጎረምሶቹ ድንጋይ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ጓደኞቹ ናቸው፣ አብረውት ኳስ የተጫወቱ። አንዱ በእጁ ላይተር ይዞ ጠቅ ያደርጋል፣ ያጠፋል፤ ጠቅ ያደርጋል፣ ያጠፋል። «ባለ አበባው ድንኳን የት ሄደ?» አለኝ። «ይኼው ነው፣ ገልብጠነዋል» አልኩት። ሸራውን ከላይ እስከ ታች አየውና ላይተሩን እንደገና ጠቅ አደረገ።

እሷን ደግፈው ከማውጣታቸው በፊት አግዳሚዎቹን ላስተካክል ገባሁ። ፀሐይዋ ብቅ ብላ ነበር። ቀና ስል አበባው ከበበኝ። በአራቱም ጎን፣ ወደ ውስጥ፣ ወደ እኛ። የሟች እናት ከምትቀመጥበት ቦታ በላይ ደግሞ በዚያ በቀይ ቀለም «ከእናንተ ጋር ነን» ይላል። ከመንገደኛ ደብቀን ለሐዘንተኛዋ አሳየናት! ያን ሁሉ ሰው፣ ዳኛው፣ ጸሐፊው፣ እኔ፣ አንዳችንም ወደ ውጭ ያልታየው ወዴት እንደሚታይ አላሰብንም። መምህሩ ተከትለውኝ ገቡ፣ አዩ፣ ከዚያ አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉ። እኔ ማንን እንደምሰድብ አጣሁ። ልቅሶው እየቀረበ ነው። ቤቴ ሮጬ አንሶላ ላምጣ ብል ከእሷ ጋር በሩ ላይ መገናኘታችን ነው።

በዚህ መካከል ውጭ ያለው የላይተር ድምፅ ቆመ። ብቅ ብዬ አየሁ። ሸማኔው እየመጡ ነው። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው በጎረምሶቹ ፊት በዝግታ ያልፋሉ። ሁሉም ብድግ አሉ።

«ምን ፈልገው ነው?» አላቸው ባለላይተሩ።

«እድርተኛ አይደለሁም እንዴ ልጄ? ለቅሶ ልደርስ ነዋ።»

ማንም አልነካቸውም፣ ማንም ግን መንገድ አልለቀቀላቸውም፤ በመካከላቸው ትከሻቸውን አጥብበው አለፉ። የልባቸው ድፍረት ይሁን የእድሩ ሕግ ይዞ ያመጣቸው ዛሬም አላውቅም። ድንኳኑ ውስጥ ገብተው «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» አሉን። ከዚያ ቀና አሉ። ፊደሉን በቀስታ ሲያነቡት አየሁ። ይኼ ጽሑፍ የልጃቸውን ወገን የሚያሞግስ ነው፤ እኔም ልቤ ክፉ ነውና ደስ ይላቸው ይሆን ብዬ ዓይን ዓይናቸውን አየሁ። እሳቸው ግን ጋቢያቸውን ከላያቸው ገፈፉ። ከሥሩ አንድ ስስ ኮት ብቻ ነው።

«አግዳሚውን ያዢልኝ» አሉኝ።

ወጡበት። አግዳሚውንም እግራቸውንም አቅፌ ያዝኩ። ጋቢውን በድንኳኑ አግድም እንጨት ላይ ጣል አድርገው፣ በሸማኔ እጃቸው ጫፍና ጫፉን አስተካክለው ወደ ታች ለቀቁት። ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ ተሸፈነ። ወርደው ሄደው በበሩ በኩል፣ ነፋሱ የሚገባበት አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እሷ ስትገባ እኔ ገና አግዳሚውን እንደያዝኩ ነበር።

የልጇን ጃኬት በእቅፏ ይዛለች። ሬሳ የለማ፤ የሚታቀፈው እሱ ነው። አበቦቹን አላየች፣ ማንንም አላየች። ጋቢው ሥር አስቀመጥናት፤ ጃኬቱን ከጎኗ አኖረችው። ሴቶቹ ልቅሶውን አወረዱት፣ እኔም አለቀስኩ፤ ያን ሁሉ ጊዜ ያኮረፍኳት ምን ነክቶኝ ነው እያልኩ። ጎረምሶቹ መጥተው በሩን ሞሉት። ዓይናቸው ሸማኔው ላይ ነው። ላይተሩ አሁንም በልጁ እጅ ውስጥ አለ።

ልቅሶው ጋብ ሲል ነፋስ ገባ፤ ጋቢው ተወዝውዞ ትከሻዋን ነካት። ሳታስበው ጫፉን ያዘችና በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል አሸት አደረገችው። ክሯን ስትፈትን የምታደርገውን ነው። ጣቷ ቆመ። ፈትሏን አወቀችው። ቀና ብላ ጋቢውን አየች፤ ከዚያ ነፋሱ ከሸራው ገለጥ ሲያደርገው ከጀርባው ቀዩን ጽሑፍ አየች። ከዚያ በድንኳኑ ውስጥ ያለውን ሰው አንድ በአንድ ስትፈልግ ቆይታ፣ በበሩ በኩል እጃቸውን በጉልበታቸው መካከል ከተው የሚንቀጠቀጡት ሽማግሌ ላይ ደረሰች።

መምህሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አሁን አንድ ቃል ብታወጣ፣ «ይኼን ሰው አውጡልኝ» ብትል፣ ጎረምሶቹ የሚጠብቁት እሱን ነው።

«ጋሼ» አለች። ድምፅዋ ተዘግቷል። «የእርስዎስ ልጅ ደወለ?»

ሽማግሌው ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ። «ከመስቀል ወዲህ የለም» አሉ።

ጃኬቱን ከጎኗ አንሥታ ጉልበቷ ላይ አደረገችው። «በሉ እዚህ ይምጡ» አለቻቸው፤ «እዚያ ነፋስ ነው።»

በሩ ላይ የነበሩት ልጆች ወደ ጎን ሸሸት ብለው አሳለፏቸው። ሸማኔው ሄደው አጠገቧ ተቀመጡ። ከዚያ ጎን ለጎን ሆነው አለቀሱ፤ እሷ ለሞተው ልጇ፣ እሳቸው ላልደወለው።