ሲገመት ባለቤት አይናገርም

ዘይኑልአቢዲን በቅሎ ሲያይ መጀመሪያ ይሰድባል። በዓልዩ አምባ ገበያ በቅሎ ገማች ሆኖ ፂሙ እስኪሸብት ሲኖር፣ አንድም ቀን «ደህና ናት» ብሎ ጀምሮ አያውቅም። «ይቺን ከየት ጎትተህ አመጣሃት? ከጅብ አፍ ቀምተህ ነው?» ይላል። ከዚያ ጥርሷን ይገልጣል፣ ወገቧን ተጭኖ ገጣባ ይፈልጋል፣ ሰኮናዋን ያነሳል፣ መጨረሻ ላይ ጭኖ በአንኮበር መንገድ ዳገቱን ያስሞክራታል። ክፉ ስለሆነ ነው የሚሳደበው የሚሉ ነበሩ። እውነታቸውን ነው፣ ክፉ ነበር። ግምቱ ግን ስለማይስት ገበያተኛው ክፋቱን ዋጥ አደረገለት።

ገበያው የራሱ ደንብ አለው። ገማች ሲገምት ባለቤት አይናገርም። ባለቤቱ ፈንጠር ብሎ ይቆማል፣ የትከሻ ፎጣውን አፉ ላይ ያደርጋል፣ ገማቹ «ጨረስኩ» እስኪል ድረስ ትንፍሽ አይልም። ከተናገረ ሽያጩ ይፈርሳል፤ ሰውየውም አፉን የማይችል ተብሎ ይነወራል። ሻጭ ከለፈለፈ የተገዛው ምላሱ እንጂ ከብቱ አይደለም ይላሉ ሽማግሎቹ። ይህን ደንብ እንደ ዘይኑልአቢዲን አጥብቆ የያዘ ሰው አልነበረም።

ከባለሱቁ ከአብዱልጀሊል ጋር የተጣሉትም በዚሁ ነው። አብዱልጀሊል አንድ ጊዜ በቅሎውን ሊሸጥ አወጣ። ዘይኑልአቢዲን የኋላ እግሯን ሲያነሳ ሰውየው አላስችል አለውና፣ «ቀስ በል፣ በዚያ እግሯ ትራገጣለች» አለ። ለገማቹ አስቦ ነው፣ ሌላ ተንኮል አልነበረውም። ዘይኑልአቢዲን ግን እግሯን ለቀቀና ገበያው ሁሉ እስኪሰማ ጮኸ፦ «ተናገረ! ፎጣው አፉን አልያዘለትም!» በቅሎዋ ሳትሸጥ ተመለሰች፤ ሕፃናት ሳይቀሩ አብዱልጀሊልን ሲያዩ አፋቸውን በእጃቸው እየሸፈኑ ይስቁበት ጀመር። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሰዎች መስጊድ ውስጥ እንኳ አንድ ሰልፍ ላይ አይቆሙም።

ደርግ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ሲሰበስብ ደግሞ በቂሙ ላይ ቂም ተጨመረ። የዘይኑልአቢዲን አንድ ልጁ ዓወል ተወሰደ። የአብዱልጀሊል ልጅ ያን ሰሞን ዕቃ ሊያመጣ ድሬዳዋ ወርዶ ነበርና ተረፈ። «ሸሽጎት ነው!» ይላል ዘይኑልአቢዲን። ማስረጃ አልነበረውም፤ ቂም ደግሞ ማስረጃ ጠይቆ አያውቅም። ከዓወል መጀመሪያ ደብዳቤ ይመጣ ነበር፣ ኋላ ጭራሽ ጠፋ። እናቱ ሰሊሃ ከሰሜን ሰው መጣ በተባለ ቁጥር እየሮጠች ወጥታ፣ እግሯን እየጎተተች ትመለሳለች።

አንድ ቀን፣ እግሩን አጥቶ ከሆስፒታል ወደ ጣርማ በር የሚመለስ ወታደር ደብረ ብርሃን ላይ ላገኘው የዓልዩ አምባ ነጋዴ ካሴት ሰጠው። «ዓወል ለናት ላባቱ የላከው ነው» አለ። «ደብዳቤ ስለሚከፈትባቸው በድምፁ ነው የተናገረው። የት እንዳለ፣ ምን እንዲያደርጉለት እንደሚፈልግ፣ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ።» ወሬው ከካሴቱ ቀድሞ መንደሩን አዳረሰ።

ካሴቱ መጣ፤ ማሰሚያው የለም። የቀበሌው ቴፕ በአብዮት በዓል ሲጮህ ሰንብቶ ዲዳ ሆኗል። ደህና ቢሆንስ ማን የልጁን ምስጢር ቀበሌ ወስዶ ያሰማል? በአካባቢው የቀረው የአብዱልጀሊል ሱቅ ደጃፍ ለሽያጭ የተቀመጠው ብቻ ነው። ሬዲዮ፣ ቴፕና ትንሽ ቴሌቪዥን በአንድ ገላ የያዘ፣ እንደ ሻንጣ የሚንጠለጠል፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ዕቃ ነው። ከጅቡቲ በድሬዳዋ ዞሮ የመጣ ነው፤ ሰዉ «ሦስት በአንድ» ይለዋል።

«የዓወል አባት» አለች ሰሊሃ፣ «ሂድና አንድ ጊዜ አሰማን በለው። በአላህ ስም ከለመንከው አይከለክልህም።»

«እኔ የዚያን ሰው ደጅ ልጠና?»

«እንግዲያው እኔ ልሂድ።»

«ከሄድሽ እዚያው ቅሪ!»

ሰሊሃ ካሴቱን በሻሿ ጫፍ ቋጥራ ስታለቅስ ሰነበተች። እሱም እንቅልፍ አልነበረውም፤ የልጁን ድምፅ ከሷ ባላነሰ ተርቧል፣ ግን ከሚለምን ቢሞት ይመርጣል። በገበያው ቀን ማለዳ ድንገት ብድግ አለ። «ዕቃው ለገበያ ወጥቷል አይደል? እገምተዋለሁ። ገማች ደግሞ የፈለገውን ጭኖ ይሞክራል። ካሴቱን ያዢና ተከተይኝ።»

ሱቁ ደጃፍ ሲደርሱ ገበያተኛው ከበባቸው። ዘይኑልአቢዲን ሰላምታ ሳይሰጥ፣ «ይህን ነገር ገዢ እንዳይታለልበት ልገምት ነው የመጣሁት። ደንቡን ታውቃለህ» አለ።

አብዱልጀሊል አየው። ሰሊሃንም አየ፤ በሻሿ ጫፍ የቋጠረችውንም። ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብሎ ፎጣውን አፉ ላይ አደረገ።

ዘይኑልአቢዲን ጀመረ። መያዣውን ይዞ አነሳና ነቀነቀው፦ «የውስጡ ይንኳኳል፣ አጥንቱ ልል ነው።» ጀርባውን በመዳፉ ተጫነው፦ «ቆዳው ቀፎ ነው፣ አንድ ጊዜ ቢወድቅ ሬሳ ነው።» ቴሌቪዥኑን ከፈተ፤ ሸለቆው ውስጥ ምስል አይደርሰውምና መስኮቱ ላይ ጤፍ የሚነፋ መሰለ። «ዓይኑ ሞራ ለብሷል!» አለ፤ ሰው ሳቀ። ሬዲዮው ግን ጥርት ብሎ ጮኸ፤ ምንም እንከን ሲያጣበት፣ «ይህማ ለፍላፊ ነው፣ እንደ ባለቤቱ» ብሎ አጠፋው።

«አሁን ይጫን» አለና ለሰሊሃ እጁን ዘረጋ። እሷ ካሴቱን ከሻሿ ፈትታ ሰጠችው። ከተተው። ከቁልፎቹ መካከል አንዱ ቀይ ነው። በቅሎ ገማች ሰኮና ሲያነሳ ምንጊዜም የሚጀምረው ባለቤቱ ሊሸሽገው ከሚችለው እግር ነውና፣ ዘይኑልአቢዲን ከሁሉ ለየት ያለውን ቀዩን መርጦ በአውራ ጣቱ ተጫነው። ከጎኑ ያለውም ቁልፍ አብሮ ወረደ። ቀይ መብራት በራ፤ ካሴቱ መዞር ጀመረ።

አብዱልጀሊል ፎጣውን ከአፉ አነሳ።

«ተናገራ!» ብሎ አፈጠጠበት ዘይኑልአቢዲን። «ተናገርና ገበያው ደግሞ ይሳቅብህ! እንደዚያን ጊዜው!»

የአብዱልጀሊል ፊት ጠቆረ። ፎጣውን መልሶ አፉ ላይ ጫነ፤ አሁን በሁለት እጁ ነው።

ካሴቱ ይዞራል፣ ድምፅ የለም። ሰሊሃ ጆሮዋን ወደ ዕቃው አስጠጋች። የዘይኑልአቢዲን ተስፋ ወደ ንዴት ተለወጠ፤ እሱ ዘንድ ከዚህ ወደዚያ መንገዱ አጭር ነው። «ምን ዓይነት ዕቃ ነው? ዲዳ! ልጁን ሸሽጎ የሰው ልጅ የሚያስበላ ሰው የሚሸጠው እንዲህ ያለውን ነው! ይኸው ትንፋሽ የለውም። ሞቷል! ሞቷል እኮ ነው የምልህ፣ ውሰድና ቅበረው!» እያለ የአብዱልጀሊልን አባትና አያት ሳይቀር እያነሳ ሲወርድበት ቆየ። ሲደክመው «ጨረስኩ» አለና ቁልፉን አስነሳ።

አብዱልጀሊል ፎጣውን አወረደ። «ቀዩ መቅጃ ነው» አለ።

«ምን?»

ባለሱቁ ካሴቱን ወደ ኋላ አጠንጥኖ ከፈተው። ዕቃው ጥርት ባለ ድምፅ፣ «ተናገራ!» ብሎ ጮኸ። ስድቡ አንድ ሳይጎድል ወጣ፤ የሰዉም ጉርምርምታ፣ የአንድ የገበያ አህያም ጩኸት ከነነፍሱ አለበት። «ሞቷል! ሞቷል እኮ ነው የምልህ፣ ውሰድና ቅበረው!» ሲል ሰሊሃ ሁለት ጆሮዋን ያዘች። «ጨረስኩ» አለ ካሴቱ፤ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ የዓወል ድምፅ መጣ። ጎርነን ብሏል፣ ግን እሱ ነው።

«...እንግዲህ ያልኳችሁን አትርሱ። አባባ፣ አንተ በተለይ አደራ። እማ፣ አታልቅሺ። በቃ፣ ጊዜዬ አለቀ።»

ከዚያ በፊት የተናገረውን ስድቡ አጥፍቶታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ባዶ ነው።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለ ዘይኑልአቢዲን።

«ባለቤት አይናገርም» አለ አብዱልጀሊል። ድምፁ ውስጥ ደስታም ነበረበት፣ ፍርሃትም። ይህን ለመናገር ስንት ዘመን እንደጠበቀ ፊቱ ላይ ይነበባል፤ ከተናገረው በኋላ ግን ሰሊሃን ማየት አልቻለም።

ከዓወል ሌላ ካሴት አልመጣም፤ እሱም አልመጣም። አብዱልጀሊል ዕቃውን መሸጥ ተወ። በየገበያው ቀን ሰሊሃ ሱቁ ደጃፍ መጥታ ካሴቱን ከሻሿ ትፈታለች፣ እሱም አንገቱን ደፍቶ ይከፍትላታል። አንድ ጊዜ አዝኖላት ስድቡን ዘሎ ከልጇ ድምፅ ሊጀምርላት ሲል እጁን ያዘችው።

«አትዝለለው» አለች። «ከመጀመሪያው። ድምፁንም ከፍ አድርገው፣ በቅሎ ተራ ድረስ ይሰማ።»