ሦስት ሽማግሌዎችና አንድ የስኳር ጥናት

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት... ልብስ ባኞ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ ፀጉሬን በሻሽ ጠፍሬ፣ እጄ እስከ ክርኔ አረፋ ነበር። የግቢው በር ተንኳኳ። እማዬ ከፈተችና እየሮጠች ተመለሰች። ስኳር ከያዛት ወዲህ እማዬ ስትሮጥ አይቼ አላውቅም።

«ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው። ጋቢ ለብሰዋል። ተነሺና ያንን ሻሽ አውልቂ።»

ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ አላገባሁም። ቤቴል ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። እማዬ ቀሚስ ልትመርጥልኝ ቁም ሳጥኑን ስታተራምስ፣ እኔ ደግሞ ማን ሽማግሌ ሊልክብኝ እንደሚችል በጭንቅላቴ አስሳለሁ... አንድም ሰው አጣሁ። እንዲያውም ትንሽ ከፋኝ።

ሳሎን ስገባ ሦስቱም ቆመዋል። እማዬ ተቀመጡ ብላ ብትለምን፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ትልቁ ጋሽ ወልዴ ይባላሉ፤ ኮልፌ፣ አጠና ተራ ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣሉ። ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ።

«ልጃችን ናትናኤል አጥፍቷል። እግርሽ ላይ ወድቀን ይቅርታ ልንጠይቅለት ነው የመጣነው።»

እማዬ በልቧ የተከለችው ድንኳን ሲፈርስ ከፊቷ ላይ አየሁት።

ናትናኤል ማን መሰላችሁ... እኔ አንዲት ትንሽ በጎ አድራጎት ማኅበር እመራለሁ። የስኳር ሕመምተኞችና ቤተሰቦቻቸው የሚያዋጡትን፣ ለጋሾችን ደጅ ጠንተን ከምናገኘው ጋር ደምረን በዓመት ለአንድ ተመራማሪ፣ ለአንድ ብቻ፣ የጥናት ገንዘብ እንሰጣለን። ናትናኤል ዘንድሮ ካመለከቱት አንዱ ነው። ወፍረው የማያውቁ ቀጫጭን ወጣቶችን ስኳር ለምን እንደሚይዛቸው ማወቅ ይፈልጋል። ገንዘቡን ካላገኘ የሁለት ዓመት ድካሙ መና መቅረቱ ነው።

ማክሰኞ ቃለ መጠይቅ ላይ በጥያቄ ወጥሬ ያዝኩት። የምንሰጠው የታመመ ሰው ከጉሮሮው ቀንሶ ያዋጣውን ስለሆነ ለማንም አልራራም። ሦስተኛው «ለምን» ላይ ልጁ ቱግ አለ። ስለ ሳይንስ ምንም እንደማላውቅ ነገረኝና በሩን አላትሞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ዝግ ነው።

ጋሽ ወልዴ ለካ አከራዩ ናቸው። ልጁ ከቤት አልወጣም፣ እህል አልቀምስም ሲላቸው አፋጥጠው አናዘዙት። ጉዳዩን ከሰሙ በኋላ የይቅርታ ደብዳቤ ምናምን የሚባል ነገር አልታያቸውም። ሁለት የዕድር ጓደኞቻቸውን ጠርተው፣ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ታክሲ ተሳፍረው፣ ቤቴን አጠያይቀው ከች አሉ።

«አባባ፣ እሱ እኮ...» ብዬ ጀመርኩ።

እጃቸውን አነሱ። «ገና አልጨረስንም ልጄ። እሱም ውጭ ነው ያለው፤ ወጥተሽ እዪው።»

ወጣሁ። ናትናኤል አጥሩ ጥግ ቆሟል። ትከሻው ላይ የላፕቶፕ ቦርሳ፣ ማጅራቱ ላይ ደግሞ... ኮብልስቶን። አዎ፣ ድንጋይ። ጥፋተኛ ይቅርታ የሚጠይቀው እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሞ ነው ብለው ከመንገድ ዳር አንስተው አሸክመውታል። በባዮሎጂ ሦስተኛ ዲግሪ ያለው ሰውዬ አንገቱን ደፍቶ የላስቲክ ጫማዬን ያያል። ጎረቤቶቻችን በየበራቸው ብቅ ብቅ ብለዋል።

ሳቄን ልውጥ ከንፈሬን ነከስኩ፤ አልሆነም። አጥሩን ይዤ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። እሱም ከነድንጋዩ ይንፈቀፈቅ ጀመር።

«አንተ፣ ስልክህን ለምን ትዘጋለህ? ሐሙስ ዕለት ኮሚቴው ተሰብስቦ እኮ አንተን መረጠ። ደብዳቤህ ማኅተም ተመትቶበት ቢሮዬ ተቀምጧል።»

ሳቁ ቀጥ አለ። «ሰድቤሽም?»

«ጥያቄዬን መልሰህ ነዋ የሰደብከኝ» አልኩት። የሦስተኛውን «ለምን» መልስ እየጮኸ ነበር የተናገረው፤ ግን ከሁሉም አመልካቾች የተሻለው መልስ እሱ ነበር።

ከነድንጋዩ አስከትዬው ገባሁና ለሽማግሌዎቹ ነገርኳቸው። ገንዘቡ በአማላጅ ወጣ ከተባለ ማኅበራችን አለቀለት፤ ስለዚህ ውሳኔው የሐሙስ መሆኑን ሦስቴ አስረዳኋቸው። እኔ በደስታ የሚፈነድቁ መስሎኛል... ጋሽ ወልዴ ቅር አላቸው። ከትናንት ጀምሮ ያሰናዱት ንግግር ነበራቸው፤ ግማሹን እንኳ አልተናገሩም። ምን ላድርግ፣ ይናገሩ አልኩ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ተለመንኩ። ይቅር አልኩ። ድንጋዩ ወረደ፣ ተመረቅን፣ ያኔ ገና ተቀመጡ።

ከዚያ ጋሽ ወልዴ ጥናቱ ስለምን እንደሆነ ጠየቁ። ናትናኤል አስረዳቸው። ብዙም የገባቸው አይመስለኝም። ወደኔ ዞሩ።

«እንግዲህ ዋሶቹ እኛ ነን። ሥራውን ሳይጨርስ ቢቀር እሱን ሳይሆን እኛን ጠይቂ። በየሦስት ወሩ ይዘነው እንመጣለን።»

ሁለቱም ጓደኞቻቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ስድስት ዓመት ሙሉ የለጋሽ በር ሳንኳኳ ገንዘብ የሰጠኝ አለ። ለአንድ ተመራማሪ ዋስ እሆናለሁ ያለኝ ግን አንድም ሰው የለም። እነዚህ አባቶች ሴል የሚባለውን ነገር አያውቁትም፤ ልጁን ግን ያውቁታል። እማዬን ዞር ብዬ ባያት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። በደስታ ይሁን በቀረባት ሠርግ... አልጠየቅኳትም።

ሰኞ ከናትናኤል ጋር የውሉን ቅጽ ስንሞላ «ክትትልና ግምገማ የሚያደርገው አካል» የሚል ቦታ ላይ ደረስን። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሦስት ሽማግሌዎች፣ ከኮልፌ፣ ጋቢ ለብሰው።»