«ጥቅሙ» የምትለው መስመር

ሰፈሩ «ወይዘሮ ቅጠል» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ከሱቋ ጎን የሚሠራው ልብስ ሰፊ ነው፤ ለማሾፍ ብሎ የጀመረው፣ ደንበኞች በዚያው ስም እየጠየቁ ሲመጡ ጸንቶ ቀረ። ሱቋ ከፎቅ ቤቱ ደረጃ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ይቆማል። በስተቀኝ ያለው መደርደሪያ ማር፣ ተልባ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ለውዝና የደረቀ ፍራፍሬ ይዟል። በስተግራ ያለው ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ሻይ ነው፤ ረጅም ቅጠል፣ የተጠቀለለ ቅጠል፣ እንደ ዱቄት የላመ ቅጠል።

ሰው የሚመጣው ለሻዩ ብቻ አልነበረም፤ ለጽሑፏም ጭምር ነው። የምትሸጠውን ሁሉ በትንሽ ቆርቆሮ ታሽግና ነጭ ወረቀት ትለጥፍበታለች፤ በወረቀቱ ላይ በእጅ ጽሑፏ አራት መስመር ትጽፋለች። ስሙ፣ የታሸገበት ቀን፣ አፈላሉ፣ ጥቅሙ። አፈላሉ ላይ ቀልድ አታውቅም። «ውሃው ከፈላ በኋላ አምስት ደቂቃ ይረፍ። ቅጠሉ ሦስት ደቂቃ ብቻ ይቆይ።» የሚንተከተክ ውሃ አፍስሶበት «መረረኝ» ብሎ የሚመጣ ሰው ካለ፣ «ሻዩ ምን አደረገህ? ያቃጠልከው አንተ» ትለዋለች። ደም ማነስ ያለባትን ሴት ደግሞ «ከምግብ ጋር እንዳትጠጪው፤ ብረቱን ይወስድብሻል» ብላ ትመልሳታለች። ይህን ሁሉ በትክክል ታውቃለች።

«ጥቅሙ» የምትለው መስመር ላይ ሲደርስ ግን እጇ ይፈታል። ከአስመጪው ካርቶን ውስጥ ብጣሽ ወረቀት ታገኛለች፣ ደንበኛ የነገራትን ታክልበታለች፣ ጥቂት ደግሞ ከራሷ ትጨምራለች። «ለልብ»፣ «ለስኳር»፣ «ድካም ያጠፋል»። ልዋሽ ብላ አይደለም። ሰው ባዶ መስመር አይወድም።

«ወይዘሮ ቅጠል፣ ለሚስቴ ምላስ የሚሆን የለሽም?» ይላታል ልብስ ሰፊው በግድግዳው ማዶ።

«አለ። ግን የሚጠጣው በባል ጆሮ ነው።»

በአሥራ አንድ ዓመት የሚበልጣት ወንድሟ ነው ያሳደጋት፤ ፊደል ያስቆጠራትም እሱ። ሠላሳ አራት ዓመት ማተሚያ ቤት አራሚ ሆኖ ሠርቶ ጡረታ ወጥቷል፤ እርሳሱ ግን ጡረታ አልወጣም። የሰርግ ጥሪ ወረቀት ሲደርሰው አርሞ ለሙሽራው አባት የመለሰ ሰው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቋ ይመጣል፣ በርጩማዋ ላይ ይቀመጣል፣ ቆርቆሮዎቿን አንድ በአንድ እያነሳ ያነባል።

«አንቺ ልጅ፣ ስንት ጊዜ ልንገርሽ? ‹መድኃኒት› በብዙኃኑ ‹ኃ› ነው የሚጻፈው።»

«ጋሼ፣ ድምፁ እኮ አንድ ነው።»

«በሃሌታው ‹ሃ› ጽፈሽ ያዳንሽው ሰው ካለ አምጪና አሳዪኝ።»

ታርማለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ያንኑ ትሳሳታለች። እሱም ያንኑ ይላል። ሳታስበው ትሳሳት እንደሆነ ወይም ሲቆጣ መስማት ወድዳ እንደሆነ እሷም ለይታ አታውቀውም።

አንድ ቀን የልቡ ምት ተዛባ። ሐኪሙ ደሙ እንዳይረጋ ክኒን አዘዘለት፤ በየወሩም ደሙ እንዲመረመር ቀጠሮ ሰጠው። ከክኒኑ ጋር በተሰጠው ወረቀት ላይ «ደም ማቅጠኛ» የሚል ቃል አለ። ጋሼ ቃሉን ወደደው። «አየሽ፣ አጭር፣ ግልጽ። የጻፈው ሰው ሥራውን ያውቃል» አላት።

እሷም አንድ ነገር ልታደርግለት ፈለገች። ከላመው ቅጠል ዓይነተኛውን መርጣ አንድ ትልቅ ቆርቆሮ ሞላችለት። ሳይጠለል፣ ከነቅጠሉ፣ በቀን ሦስቴ እንዲጠጣ ነገረችው። ወረቀቱን ስትጽፍ አራተኛው መስመር ላይ እጇ ቆመ። የአስመጪው ብጣሽ ወረቀት «ለደም ዝውውር መልካም» ይላል፣ ሌላ የለውም። ጋሼ እንደዚህ ያለ ልል ቃል ያናድደዋል። እሱ የወደደውን ቃል አሰበችና «ደም ያቀጥናል» ብላ ጻፈች። የትም አላነበበችውም። ከገዛ ክኒኑ የተበደረችው ነው።

በአራተኛው ሳምንት፣ የደም ምርመራው ቀጠሮ አራት ቀን ሲቀረው፣ ጋሼ ጠዋት መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ወደቀ። የረጋ ደም ወደ አንጎሉ ሄዷል አሉ። ቀኝ እጁና ምላሱ እዚያው ቀሩ። ሐኪሞቹ «ክኒኑን ይወስዱ ነበር?» ሲሉ ሚስቱ፣ «ይወስዳል እንጂ፤ የራሱን ነገር ራሱ ነው የሚይዘው» አለች። ማንም ከዚያ በላይ አልጠየቀም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ወደ ቤቱ ተመለሰ። አዲስ ክኒን ተሰጠው፤ አሁን የምትሰጠው ሚስቱ ናት፣ በሰዓቱ፣ በእጇ። በየሳምንቱ ደሙ ይለካል። ቁጥሩ በሁለትና በሦስት መካከል መሆን ነበረበት፤ እሱ ግን ከአንድ ተኩል አላልፍ አለ። ክኒኑን ጨመሩለት። ያው ነው። በሦስተኛው ቀጠሮ ወንበሩን የሚገፋ ሰው ስላስፈለገ እህቱ ሱቋን ዘግታ አብራቸው ሄደች።

ነርሷ ወረቀቱን ገልብጣ አየችና ግራ ተጋባች። «እናቴ፣ ጎመን፣ ሰላጣ ያበዛሉ እንዴ? አረንጓዴ ቅጠል ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ ይህን ክኒን ሥራ ያስፈታዋል።»

«ኧረ ሲስተር፣ ቅጠል የሚባል ነገር ቤቴ አልገባም። ሾርባና እንቁላል ነው የማበላው።»

«የሚጠጡትስ?»

«ውሃና ሻይ ብቻ።»

ነርሷ «ሻይ» ብላ ጻፈች፤ ሰው ሁሉ የሚጠጣው ቀዩ ሻይ መስሏት። ከወንበሩ ኋላ የቆመችው እህት የመግፊያውን ብረት ጨምድዳ ያዘች። በቀን ሦስቴ፣ ሳይጠለል፣ ከነቅጠሉ። ማንም ሳይነግራት ገባት። አንድ ቃል ብትናገር ይበቃ ነበር። ሻይ ጎመን አይደለም ብላ ለራሷ ተከራከረች፤ ክርክሩን ራሷም አላመነችው።

ጋሼ አንገቱን ወደ ኋላ ለማዞር ታገለ። «ሻ… ሻ…» አለ።

«ሻይ አማራቸው» አለችና ነርሷ ሳቀች። ክኒኑን አሁንም ጨምራ ሰደደቻቸው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ አንድ ቁርጥ ሐሳብ ይዛ ወንድሟ ቤት ሄደች። ቆርቆሮውን በዘዴ ታነሳለች፣ «አለቀብኝ፣ አሁን አይመጣም» ትላለች፣ ነገሩ በዚያው ይሞታል።

«መጣሽልኝ?» አለች እትዬ፣ የወንድሟ ሚስት፣ በሩን እየከፈተች። «አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር? ሐኪም ያቃተውን ይሄ ሻይሽ እያደረገው ነው። ትናንት አውራ ጣቱን ሲያነቃንቅ በዐይኔ አይቻለሁ። ግቢ፣ ሸሚዙን ልቀይርለትና እመጣለሁ።»

ወጥ ቤቱ ንጹሕ ነው። ማንቆርቆሪያው ምድጃው ላይ ተጥዷል። ቆርቆሮው በመሳቢያው ውስጥ፣ ከስኳሩ ኋላ ነበር። ስታነሳው ከሥሩ ሌላ ነገር አገኘች፤ የቀድሞው የክኒን ካርቶን፣ ወረቀቱ በጎማ ታስሮበት። ፈታችው።

የጋሼ እርሳስ ነው። «ደም ማቅጠኛ» በሚለው ቃል ላይ ቀጥ ያለ መስመር አልፎበታል፤ ጫፉም እንደ «ይውጣ» ምልክት ወደ ላይ ተጠምዝዟል። በኅዳጉ ላይ በክብ ውስጥ «ድ» የምትል ፊደል ተቀምጣለች። በእሷ ቆርቆሮ ላይ «ደም ያቀጥናል» ከሚለው አጠገብ ደግሞ ትንሽ የ«ይቆይ» ምልክት አለች።

ምልክቶቹን ከልጅነቷ ጀምራ ታውቃቸዋለች፤ ከጉልበቱ ሥር ተቀምጣ ስንቱን ገጽ ሲያርም አይታለች። «ድ» ማለት ድግግሞሽ ነው። አንድ ነገር በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ጊዜ ከተባለ አንዱ ይወጣል፣ አንዱ ይቆያል። «ሁለት ጊዜ የሚባል ነገር የጸሐፊ ስንፍና ነው» ይል ነበር። ያወጣው ክኒኑን ነው። የእህቱን ጽሑፍ አቆየ። ካርቶኑን ከፈተችው፤ ካንድ ረድፍ በቀር ክኒኑ ሁሉ እንደታሸገ ነው።

መሳቢያው ላይ ተደግፋ ቆመች። ያልተሳሳተውን ሰው ያሳሳተችው እሷ ናት፤ እሱ እድሜ ልኩን የተጻፈን ነገር አምኖ ሲኖር፣ እሷ ባዶ መስመር ለመሙላት ጻፈች። ከዚያ እጇ ከሐሳቧ ቀድሞ ቆርቆሮውንም ካርቶኑንም ወደ ቦርሳዋ ከተተና ዚፑን ዘጋ።

እትዬ እጇን እያደረቀች ገባች። «የአሥር ሰዓቱ ደረሰ። ከፈላ በኋላ አምስት ደቂቃ ይረፍ ብለሽ ጽፈሽ የለ? በሰዓት ነው የምይዘው።» መሳቢያውን ሳበች። «ቆርቆሮው የት ገባ?»

ማንቆርቆሪያው ማፏጨት ጀመረ።

«እትዬ፣ አታፍዪው።»

«ምነው?»

ዚፑን ከፈተችና ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። በመጀመሪያ ስለ ቅጠሉ ነገረቻት፣ ከዚያ ስለ ቃሉ፣ ከዚያም ስለ «ድ»። አላለቀሰችም፤ ማልቀስ ይቅርታ መለመን መሰላት። እትዬ ወረቀቱን አንስታ አየችው። ከዚያ እሳቱን አጠፋች፣ ውሃውን ቧንቧው ሥር ደፋችው።

«በቀን ሦስቴ አጠጣሁት» አለች። «በእጄ።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ጠዋት ሲስተሯ ስትጠይቀኝ ታውቂ ነበር?»

ጠቅላላ ነገሩ እዚህ ላይ ነበር። «እዚያው ገባኝ» አለች።

«ዝም አልሽ።»

«ዝም አልኩ።»

እትዬ ፎጣውን አጣጥፋ አስቀመጠች። «የፊተኛውን አላወቅሽም፤ እሱን ልቀበል። ግን ከዚያ ተመልሰን ስድስት ሰዓት ላይ አንድ ብርጭቆ ጠጥቷል።»

ከቦርሳዋ ስልኳን አወጣች።

ለነርሷ የደወለችው ራሷ ናት። የነርሷ ድምፅ ተለወጠ። «ሻዩን አቁሙ። ዛሬ የጨመርኩላቸውን ክኒን ደግሞ እንዳትሰጧቸው፤ ቅጠሉ ሲቀር ያ ሁሉ ክኒን ደማቸውን ከልክ በላይ ያቀጥነዋል፣ ሊደሙ ይችላሉ። ነገ ጠዋት አምጧቸው። እህት፣ ጥሩ ነው የነገርሽኝ።» ይህ «ጥሩ ነው» የሚለው ቃል ለቀናት ከጆሮዋ አልወጣም፤ ቦርሳዋን የዘጋችበትን ደቂቃ ነርሷ አላየችማ።

በአራተኛው ሳምንት ቁጥሩ ሁለት ነጥብ ሦስት ሆነ፤ ከዚያም አልወረደም። ቀኝ እጁ ግን አልተመለሰም። እትዬ ለቀጠሮ ብቻ ትደውላለች፤ «ነገ ሦስት ሰዓት» ትላለች፣ ትዘጋለች።

ሱቋ ውስጥ አራተኛውን መስመር ከየቆርቆሮው ላይ ላጠችው። ደንበኛ «ይሄኛው ለምንድን ነው?» ሲላት «ይጠጣል» ትላለች። «ይሄ ማርስ?» «ይበላል።» ልብስ ሰፊው ሁለት ቀን ታገሠና፣ «ወይዘሮ ቅጠል፣ ዕቃሽ ሁሉ ሥራ ፈታ እንዴ?» አላት። እንደ ድሮው አልመለሰችለትም፤ እሱም መቀሱን አንስቶ ወደ ልብሱ ተመለሰ። በላጠችው መስመር ቦታ አዲስ ጻፈችበት፦ «መድሃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።»

በሦስተኛው ወር፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ በሩ ጨለመ። እትዬ ናት፤ ወንበሩን እየገፋች። «አላስቀምጥ አለኝ፤ ቅዳሜ ሲሆን በሩን ነው የሚያየው» አለች። ወንበሩ በበሩ አልገባ ስላለ ደፉ ላይ ቆመ።

ጋሼ ግራ እጁን ዘረጋ። ከመደርደሪያው አንድ ቆርቆሮ አንስታ ጭኑ ላይ አደረገችለት። አነበበ። ቅንድቡን ሰበሰበ። በጣቱ የመጻፍ ምልክት አሳያት።

እርሳስ ሰጠችው። ምን ሊጽፍ እንደሚችል አሰበች፤ በክብ ውስጥ ያለችው «ድ» መጣችባት። ጋሼ እርሳሱን በጭብጡ ጨብጦ፣ አፉ በአንድ በኩል ተጣሞ፣ ብዙ ለፋ። ከዚያ ቆርቆሮውን ገፋላት።

«ሃ» ላይ መስመር አልፎበታል። በኅዳጉ ላይ እንደ ሕፃን ጽሑፍ የተንጋደደች፣ ግን የማትሳት «ኃ» ቆማለች።

ቀና ብላ አየችው። እሱ የሚቀጥለውን ቆርቆሮ ይጠብቃል። ሁለተኛውን ሰጠችው፣ ሦስተኛውን። ሁሉም ላይ ስህተቱ አንድ ነው፤ እሱም አንዱንም አላለፈም። የታረመውን እየላጠች እንደገና ጻፈች፣ በብዙኃኑ፣ ቀስ ብላ። እትዬ በሩ ላይ እንደቆመች ናት፤ አልገባችም፣ አልሄደችምም።