ከገለባው ጆንያ አጠገብ

ከልጄ የቀረኝ አንድ ፎቶ ነው። ያነሳው ጃፓናዊ ነው።

ሰውየው በአገሩም በውጭም እየዞረ የሰዎችን ባህልና የዕለት ኑሮ ፎቶ ያነሳ ነበር። ወደ እኛ ሲመጣ ጂንካ አደረ፤ የካኮን ገበያ አየና አልዱባ ወረደ። እኔና ልጄ አልዱባ ገበያ የቡና ገለባ እንሸጥ ነበር። የአገሩ ሰዎች፣ በናዎች፣ አፍልተው የሚጠጡት ፍሬውን ሳይሆን ገለባውን ነው።

ልጄ ከጆንያው በጣሳ ሲሰፍርለት አንድ የበና ሽማግሌ፣ "አንተ ስትሰፍር ጣሳው ይሞላል፤ እናትህ ግን አየር ነው የምትሸጥልን" አለው። ልጄ ከት ብሎ ሳቀ። ካሜራው ቀጭ አለ።

ተቆጣሁ። ሸሚዙ ተቀድዶ፣ ፀጉሩ ላይ ገለባ ተበትኖ ፎቶ ይነሳል? ያን ጊዜ በእኛ ዘንድ ፎቶ ማለት ታጥቦ፣ ደህና ልብስ ለብሶ፣ እጅን ከጎን አጣብቆ፣ ሳይስቁ መቆም ነው። ፊቱን በነጠላዬ ጠረግሁት። አጠገባችን ከሚሸጠው ነጋዴ ኮት ተዋስኩለት።

"እማዬ፣ ልትድሪኝ ነው እንዴ?"

"ዝም ብለህ ቁም።"

ቆመ። ጃፓናዊው በሥራችን ላይ እንዳለን ቢያነሳን እንደሚመርጥ አብሮት በመጣው አስተርጓሚ በኩል ነገረኝ፤ ግን እንዳይከፋኝ አነሳው።

"ያኛውን ተወው፤ ይሄንን ላክልን" አልኩት።

ልጄ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከሄደ በኋላ ፎቶው በአስተርጓሚው እጅ ደረሰኝ። ኮት የለበሰበት አይደለም፤ የሳቀበት ነው። ለሰው ማሳየት አፈርኩና መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ከዚያ መርዶው መጣ። ሽማግሌዎች ማልደው ነገሩኝ። እንባ አልመጣልኝም። ተነሺ ሲሉኝ እነሳለሁ፣ ተቀመጪ ሲሉኝ እቀመጣለሁ። ጸሎት ቤታችን በመንግሥት ታሽጎ ስለነበር ምዕመናኑ ግቢዬ ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጸለዩ።

"እህቴ፣ ፎቶ አለሽ?" አለችኝ ጎረቤቴ። "ሬሳ ከሌለ ለቀስተኛ ፊት የሚቀመጠው ፎቶው ነው።"

"አለኝ፤ ግን ይስቃል።"

"ይሳቅ። አምጪው።"

ጠረጴዛ ላይ አቆመችው። ሰው ሊያለቅስ ይገባና ሲያየው ልቅሶውን ትቶ ጠጋ ይላል። አንዲት አሮጊት ጎንበስ ብለው አዩት።

"ምን ተብሎ ነው እንዲህ የሚስቀው?"

የበናው ሽማግሌ ያለውን ነገርኳቸው። ጣሳውን፣ አየሩን።

"እውነቱን ነው፤ ታጎድይ ነበር" አሉ።

ሰው እያለቀሰ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፣ አላለቀስኩም። ግን ከመርዶው ወዲህ ምንም አልቀመስኩም ነበርና ውሃ ስጡኝ አልኩ።

ኮት የለበሰበት ፎቶ እስከ ዛሬ አልመጣም። ያንን ሰውዬ ጌታ ይባርከው፤ ያልኩትን አልሰማኝም።