ቁልቁል የማትንሸራተት መኪና

ወንድሜ ሚኒባስ መንዳት ካቆመ ከስምንት ወር በኋላ ነው ሱቄ መዋል የጀመረው። ሱቅ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስል። አዲስ አበባ፣ ሲግናል አካባቢ፣ በአንድ ፀጉር ቤትና በአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት መሃል፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት በርጩማ የምትይዝ ጠባብ ክፍል ነበረችኝ። ቴሌቪዥን፣ ዲቪዲ፣ ሪሲቨር እጠግናለሁ። አዲስ ደንበኛ ሲገባ ሴት መሆኔን ያይና ዞር ዞር ብሎ «ባለሙያው የለም?» ይለኛል። ዕቃው ተሠርቶ ሲሰጠው ግን ጎረቤቱን ይልክልኛል።

ወንድሜ በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ ያሳደገኝ እሱ ነው ማለት ይቻላል። «ጋሽዬ» ነው የምለው። ከሰፈራችን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ አራት ኪሎ ዐሥራ ሁለት ዓመት ነድቷል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከፈረንሳይ ቁልቁል ሲወርድ ፍሬኑ እምቢ አለው። ከፊቱ ሰው ስለነበረ መሪውን ጠመዘዘና ከአንድ ግቢ የድንጋይ አጥር ጋር ተላተመ። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች በጭረትና በድንጋጤ ተረፉ። ከፊት፣ ከሱ ጎን የተቀመጡ አንድ አዛውንት ግን እግራቸው ከጉልበታቸው በታች ሁለት ቦታ ተሰበረ። ትራፊክ ፖሊስ መረመረ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ በመጨረሻም ብልሽት ነው፣ ሾፌሩ ጥፋት የለበትም ተባለ። እናታችን ስለቷን አስገባች።

እሱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መሪ አልያዘም። ታክሲ ውስጥ እንኳ አልገባ አለ፤ ከፈረንሳይ እስከ ሲግናል በእግሩ ነበር የሚመጣው። እናታችን ብርቱካን እየያዘች አዛውንቱን ጠይቃለች፣ መጀመሪያ ሆስፒታል፣ በኋላም ቤታቸው። ቤታቸው ከኛ ብዙም አይርቅም፤ ዳገቱን ወጣ ብሎ ነው። «አንተስ መቼ ነው የምትሄደው?» ስትለው ጋሽዬ ጫማውን አድርጎ ይወጣል። ይህን ያህል ዓይን አፋር ሆኖ አያውቅም ነበርና ነገሩ ይገርመኝ ነበር።

አንድ ቀን ከአንድ ደንበኛ ላፕቶፕ ላይ ያገኘሁትን ቪዲዮ እያየሁ ነበር። በሪሞት የሚነዱ ትንንሽ መኪኖች ወንዝ ዳር ድንጋይ ላይ ይወጣሉ። ጎማቸው ትልቅ ነው፣ አካሄዳቸው የኤሊ። ጋሽዬ ከኋላዬ ቆሞ አየ። ድጋሚ አስከፈተኝ። ለሦስተኛ ጊዜም አስከፈተኝ።

«አይቸኩልም» አለ።

«ድንጋይ እየወጣ እንዴት ይቸኩላል?»

«እንሥራው።»

በስምንት ወር ውስጥ አንድ ነገር ሲፈልግ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ እሺ አልኩ።

ባለቤቶቻቸው ትተዋቸው የቀሩ ዕቃዎች የምጥልበት ካርቶን ነበረኝ። ከውስጡ ጎኑ የተሰነጠቀ የልጆች ሪሞት መኪና ወጣ፤ የሬዲዮ ሰሌዳውና ሪሞቱ ደህና ነበሩ። ለሻንሲ፣ ሁሉንም ለሚሸከመው አካሏ፣ የተሰበረ የዲሽ ክንድ ቆረጥን። ጎማዎቹን ቆራሌው ካመጣው የሕፃን ጋሪ ፈትተን፣ ድንጋይ እንዲይዙ በብስክሌት የውስጥ ጎማ ጠቀለልናቸው። ባትሪውን ከሞተ ላፕቶፕ አወጣን፤ ከስድስቱ ሴሎች ሦስቱ ገና ነፍስ ነበራቸው። መብራት በፈረቃ ስለነበር ብየዳውን መብራት በመጣ ሰዓት እሠራለሁ፤ በሄደ ሰዓት እሱ በመጋዝና በሞረድ ይቀጥላል። ባትሪውን ከላይ ሳስር አየኝና ፈታው።

«ክብደት ወደ ታች ነው» አለ። «ዕቃ ጣሪያ ላይ የጫነ መኪና መታጠፊያ ላይ ምን እንደሚሆን እኔ ልንገርሽ።»

አንድ እሁድ ከሰዓት ወደ እንጦጦ ወጣን፤ ከፈረንሳይ በላይ፣ ባሕር ዛፉ መሃል፣ ዝናብ አፈሩን ጠርጎ ድንጋዩን ያወጣበት ቀጭን መንገድ አለ። የአሻንጉሊቱን ዲናሞ፣ ትንሿን ሞተሩን፣ ነበር የተጠቀምነው። መኪናዋ አንድ ድንጋይ ወጣች፣ ሁለተኛውን ወጣች፣ ሦስተኛው ላይ የባትሪው ሽቦ ተነቀለ። ኃይል ሲቋረጥ ጎማዎቹ ተለቀቁ፤ የኋሊት ቁልቁል ተንደረደረች። ከታች አንዲት ሴት ሕፃን አዝላ እየወጣች ነበር። መኪናዋ በአጠገቧ አልፋ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች። ሴትየዋ «እናንተ ትልልቅ ሰዎች!» ብላ እየሳቀች አለፈች።

እኔም ሳቅኩ። ዞር ስል ጋሽዬ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«ማንንም አልነካችም እኮ» አልኩት።

«ጠዋት አውቄው ነበር» አለ።

«ምኑን?»

«ፍሬኑን። ፔዳሉ ይሰምጥ ነበር። ሁለቴ ሦስቴ ስረግጠው ይይዛል። እስከ ምሳ ልሥራና ጋራዥ አስገባዋለሁ አልኩ። ከምሳ በኋላ ሰልፉን ሳይ፣ ሁለት ዙር ብቻ አልኩ።»

«ለፖሊስ ተናግረሃል?»

«ማንም አልጠየቀኝም። ድንገት ነው ወይ አሉኝ፤ አዎ አልኩ።»

ልጅ ሳለሁ መንገድ ሲያሻግረኝ የእጄን አንጓ እስኪያመኝ ድረስ ጨምቆ ይዞ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ጊዜ የሚያይ ሰው ነው። መኪናዋን ከቁጥቋጦው አውጥቼ ከረጢት ውስጥ ከተትኩና ወረድን። የዚያን ሳምንት ሱቅ ሲመጣ ቀና ብዬ ላየው ከበደኝ። ተናድጄበት ነበር። ለአዛውንቱ ብቻ አይደለም የተናደድኩት፤ እናቴ ስለት ስታስገባ አብሬያት እልል ስላልኩም ነበር። እሱም ገብቶታል መሰለኝ፣ ለአራት ቀን ቀረ።

በአምስተኛው ቀን ላቡ በጀርባው እየወረደ መጣ። መርካቶ፣ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ምናለሽ ተራ ድረስ በእግሩ ሄዶ ነበር። ከኪሱ ሁለት ዲናሞ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

«ይሄ የመኪና መስኮት የሚያወጣና የሚያወርድ ነው» አለኝ። «ሞተር ስታጠፊ መስኮቱ ይወርዳል?»

«አይወርድም።»

«በእጅሽ ብትጫኚውስ?»

«አይወርድም።»

«እንደዚህ እንድትሆን ነው የምፈልገው።»

እውነቱን ነው። የዚያ ዲናሞ ጥርስ ኃይልን ወደ አንድ በኩል ብቻ ነው የሚያሳልፈው፤ ሞተሩ ጎማውን ያዞራል፣ ጎማው ግን ሞተሩን ማዞር አይችልም። ሁለቱን ለፊትና ለኋላ አክሰል አሰርናቸው። የአሻንጉሊቱ ሰሌዳ ለነሱ የሚበቃ ኃይል ማሳለፍ ስለማይችል ከተበላሸ ዩፒኤስ የፈታኋቸውን ሪሌዮች፣ ትልቁን ኃይል የሚያበሩና የሚያጠፉ ቁልፎች፣ መሃል አስገባሁ። ሁለቱን አቃጠልኩ፤ ሦስተኛው ያዘ። ለመሪ የፊቱን አክሰል የሚጎትት የፕሪንተር ሞተር አደረግን። ሲሠራ ያቃስት ነበር፣ ግን ይታጠፋል። ሥራው ከወር በላይ ፈጀ፤ በመሃሉም ሳናስበው ማውራት ጀመርን፣ ስለ ብሎንና ስለ ሽቦ ብቻ ቢሆንም።

ሁለተኛው ሙከራ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፣ እዚያው መንገድ ላይ። ወገቤ የሚደርስ፣ ጎኑ የተዘነበለ ድንጋይ መረጠ። እኔ ሪሞቱን ይዣለሁ፣ እሱ ጎንበስ ብሎ የትኛው ጎማ የት እንደሚረግጥ ያያል። «ቀስ። ትንሽ ወደ ቀኝ። ያዣት። አሁን ቀጥዪ።» መኪናዋ እያቃሰተች ከድንጋዩ ግማሽ ደረሰች።

«ልቀቂው» አለኝ።

ጣቴን ከቁልፉ አነሳሁ። ቆመች።

«ባትሪውን ንቀዪ።»

ነቀልኩት። እንደቆመች ናት። በአንድ ጣቱ ወደ ታች ገፋት፤ ጎማዋ ድንጋዩን ይዞ ቀረ። ጎማዎቹን አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ አንስቶ ከረጢት ውስጥ ከተታትና «ነይ» አለኝ። ስንወርድ ወደ ቤታችን የሚወስደውን መንገድ አልፈን ሄድን። ወዴት እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

አዛውንቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር፣ ምርኩዛቸውን ከግድግዳው አስደግፈው። በጡረታ የተገለሉ የመሬት ቀያሽ መሆናቸውን ከእናቴ ሰምቻለሁ። ባለቤታቸው በር ከፈቱልን።

«የዚያን ቀን ሾፌሩ ነኝ» አለ ጋሽዬ፣ ሳይቀመጥ።

«አውቄሃለሁ። እናትህ አራት ጊዜ መጥተዋል። እግሬን የሰበረው ፍሬኑ ነው ብዬ ነበር፤ አንተ የቀረኸው ግን ለምንድን ነው?»

ነገራቸው። ፔዳሉን፣ ምሳውን፣ ሁለቱን ዙር፣ ለፖሊስ ያለውን። ባለቤታቸው ውሃ በትሪ ይዘው መጥተው በሩ ላይ ቆመው ቀሩ።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው ያወቅከው?» አሉ አዛውንቱ።

«ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ጠዋት።»

«እኔ የተሳፈርኩት ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

«አዎ።»

«ስድስት ሰዓት ሙሉ» አሉ። ድምፃቸውን አላነሱም። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግቢው አዞሩ። «አሁን ሂድ፣ ልጄ።»

ባለቤታቸው በር ድረስ ሸኙን። «ዛሬ ተዉት። ሌላ ቀን ኑ» አሉን።

በሚቀጥለው እሁድ ብቻውን ሄደ፤ ተኝተዋል ተባለ። በሦስተኛው አስገቡት። ያን ቀን ምን እንደተባባሉ ለኔም አልነገረኝም። ከዚያ በኋላ ግን ሄዶ መቆየት ጀመረ። አንድ ቀን አዛውንቱ «ያን ጊዜ በከረጢት የያዝከው ምን ነበር?» ብለውት መኪናዋን ወሰደላቸው። ሪሞቱ ተበላሽቶ ስለነበር ጠግኜ አብሬው ሄድኩ። እሳቸው የአጥራቸውን ድንጋዮች አስደርድረው፣ የድሮ የቅየሳ መለኪያቸውን ከሳጥን አስወጥተው፣ መኪናዋ ሳትገለበጥ የምትወጣውን ዳገት ለኩ። «ሠላሳ ስምንት ዲግሪ» አሉ፣ በወረቀት ጻፉት። ሊነዷት ሲነሱ ምርኩዛቸውን ጋሽዬ ያዘላቸው። ይቅር ብዬሃለሁ ሲሉት ግን አንድም ቀን አልሰማሁም። እግራቸውም አልተስተካከለም፤ ክረምት ሲመጣ ከቤት አይወጡም ነበር።

ጋሽዬ ዳግም ሚኒባስ አልነዳም። መገናኛ አካባቢ አንድ ጋራዥ ፍሬን ክፍል ገባና እስካሁን እዚያ ነው። ኋላ ላይ ለእናታችን የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶላት ከከተማው ዳር የካ አባዶ ስንገባ ታክሲ መሳፈር ግድ ሆነበት፤ ከሾፌሩ ኋላ ያለውን ወንበር ካላገኘ ተራውን ለሌላ ሰው ይለቃል። ቤት ስንቀይር የሪሞት መኪናዋ አንድ ጎማ ጠፋ፤ ሌላ አላደረግንላትም።

ለእናታችን አልነገርናትም። አዲስ ጎረቤት በመጣ ቁጥር ልጇ እንዴት ያለ ጠንቃቃ ሾፌር እንደነበረ፣ ያን ቀን ፍሬኑ ድንገት ከድቶት እንኳ ስንት ነፍስ እንዳተረፈ ታወራለች። እኔ ያኔ ጋሽዬን አየዋለሁ። እሱ ቀና ሳይል እንጀራውን ይቆርሳል።