ላሚኔት ያስደረግኩት ፊርማ

ባለፈው ሳምንት ከባንክ የተላከ አንድ ልጅ ሱቄ ገባ። ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰ፣ ላቡ ግን እስከ ቀበቶው የወረደ። የቆቦ ግንቦት ለእንግዳ አያዝንም። እዚህ አገር ዶሮ እንቁላሉን ቀቅላ ነው የምትጥለው ብዬ ስንቱን የደሴ ሰው አሳምኛለሁ። ልጁ አዲስ የካርድ ማሽን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና ባለ ዘጠኝ ገጽ ውል ዘረጋልኝ።

«እዚህ ጋ ብቻ ይፈርሙልኝ ጋሼ። ሌላው ሁሉ የተለመደ ነው» አለ።

መነጽሬን አውጥቼ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። ልጁ ሰዓቱን አየ፤ ደግሞ አየ። ስድስተኛው ገጽ ላይ የምፈልጋትን አንቀጽ አገኘኋት። ምንም አላረጀችም። የካርዱ ባለቤት «ይህን ክፍያ እኔ አልፈጸምኩም» ብሎ ከተከራከረ፣ ነጋዴው የተፈረመበትን ስሊፕ፣ ማለትም ማሽኑ የሚያወጣውን ደረሰኝ፣ ንጹሕና የሚነበብ አድርጎ በተሰጠው ቀን ውስጥ ካላቀረበ፣ ገንዘቡ ከነጋዴው ሂሳብ ላይ ይቀነሳል። ጮክ ብዬ አነበብኩለት።

«እሱ እንኳ ብዙም አያጋጥምም» አለኝ።

«እኔን አጋጥሞኛል» አልኩት።

ቀልድ የጀመርኩ መስሎት ሳቀ። አልፈርድበትም፤ በዚህ ከተማ እኔ አፌን ሳልከፍት የሚስቅ ሰው ብዙ ነው።

ያኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም ነበር። አስፋልቱ ዳር የውኃ መሳቢያ ሞተርና ቱቦ እሸጥ ነበር። ቆቦ ያኔም ያው ናት፤ ፀሐይ ጠዋት ከዞብል ተራራ ጀርባ ብቅ ካለችበት ጀምሮ የምታቃጥልባት፣ ከሰዓት ነፋሱ አቧራውን ይዞ ከቤት ቤት የሚዞርባት፣ ግመልና ባጃጅ ቅድሚያ የሚጣሉባት ከተማ። የካርድ ማሽን ሲሰጠኝ ከወልድያ እስከ አላማጣ የእኔ ሱቅ ብቻ ነው ያለው እያልኩ አወራሁ። ሆቴሎቹ እንዳላቸው አውቃለሁ፤ እነሱን አልቆጠርኩም። ገበሬዎች ማሽኑን ለማየት ከጎብዬ ድረስ ይመጡ ነበር። ሳተላይት ጋ ይነጋገራል፣ ውሸታም ሲነካው ይጮኻል እላቸዋለሁ። ውሉን እንዳሁኑ ልጅ አባባል «የተለመደ ነው» ብለው ሰጡኝ፤ ከፊርማዬ በቀር ያየሁት ነገር የለም።

በጥቅምት አያ እንድሪስ መጣ። ሮቢት አጠገብ፣ ከጎሊና ወንዝ ወዲህ መሬት ያለው፣ ቁመቱ ረዥም፣ ንግግሩ አጭር ሰው። አብሮት የእህቱ ልጅ ኑሩ ነበር። ከሳዑዲ ለዕረፍት የመጣ፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ሱቅ የገባ ወጣት። ለአጎቱ ሞተር ሊገዛለት ነው። ትልቁን መረጠ። ካርዱን አወጣ፣ ማሽኑ ስሊፑን ተፋ፣ ኑሩ ጉንዳን የሄደበት የመሰለ ፊርማ ፈረመ። አንዱን ቅጂ ለራሱ ወሰደ፤ የፈረመበት እኔ ጋ ቀረ። አያ እንድሪስ መዳፉን ዘርግቶ ለሁለታችንም ዱዓ አደረገልን።

እንግዲህ የእኔ ጥፋት የሚጀምረው በጥንቃቄ ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ትልቅ ሽያጭ ሸጬ አላውቅም። በእኛ አገር ደግሞ የተከበረ ወረቀት ሁሉ ላሚኔት ይደረጋል፤ የትምህርት ማስረጃው፣ መታወቂያው፣ የሟች ፎቶው። እኔማ በዚያ ዘመን እናቴ ለአፍታ ዝም ብላ ብትቀመጥልኝ እሷንም ላሚኔት አስደርጋት ነበር። ስሊፑን ይዤ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ በፕላስቲክ አድርጎ ወደሚግለው ማሽን አስገባው። በአንድ በኩል ነጭ ሆኖ ገባ፣ በሌላው በኩል እንደ ከሰል ጠቁሮ ወጣ።

«ምን አደረግከው?» አልኩት።

«እኔ ምን አደረግኩት? ይህ ወረቀት ቀለም የለውም፤ በሙቀት ነው የሚጻፈው። ሙቀት ሲበዛበት ሁሉንም ይጽፋል» አለኝና ብሩን ተቀበለ።

ሌላ ሰው ቢሆን ባንክ ሮጦ ይጠይቅ ነበር፤ ማሽኑ የቀኑን ሂሳብ ሳይዘጋ ሌላ ቅጂ ያወጡለትና ኑሩን ዳግም ያስፈርመው ነበር። እኔ ግን ገንዘቡ ሂሳቤ ገብቷል፣ ምን ቸገረኝ ብዬ ጥቁሩን ስሊፕ ሱቄ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። «ይህ ምንድነው?» ለሚለኝ ሁሉ «መብራት የጠፋ ዕለት የተነሣሁት ፎቶ ነው» እላለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ቆቦን አሳቅኩበት። አያ እንድሪስ ራሱ አንድ ቀን ቱቦ ሊገዛ መጥቶ ጠየቀኝና ይህንኑ ቀልድ ነገርኩት። ጥርሱን እምብዛም የማያሳየው ሰው እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «ቆንጆ ወጥተሃል» አለኝ።

ሞተሩን የተከልኩለት እኔ ነኝ። ኅዳር ላይ ነበር፤ ማሽላው ታጭዷል፣ አገዳው ተከምሯል፣ ሜዳው የተላጨ ራስ መስሏል። ከጉድጓዱ ውኃው ሲፈናጠር የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ አየ። ሚስቱ እትዬ ዘሃራ የማሽላ ቂጣ ከእርጎ ጋር አቀረበችልን። ልጃቸው ሰዓዳ አሥረኛ ክፍል ነበረች፤ የሞተሩን መመሪያ ለአባቷ እያነበበች፣ እኔ ያልኩትን ሁሉ ከወረቀቱ ጋር ታመሳክራለች። ሁለት ጊዜ አረመችኝ።

«ለከርሞ ቆቦ ቤት ተከራይታ ትማራለች» አለ አያ እንድሪስ በአገጩ ወደ ሽንኩርቱ ችግኝ እያመለከተ። «ኪራዩን እሱ ይከፍልላታል።»

ታኅሣሥ ላይ ባንኩ ደብዳቤ ላከልኝ። የካርዱ ባለቤት ክፍያውን ክዷል። የተፈረመበትን ስሊፕ በአሥር ቀን ውስጥ ያቅርቡ፤ ካልሆነ በውሉ መሠረት ገንዘቡ ተመላሽ ይሆናል። ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁ። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኩት። ሱቁ ውስጥ ማንም አልነበረም።

ለአያ እንድሪስ የደብዳቤውን ነገርኩት፤ የስሊፑን አልነገርኩትም። እሱም በአገሩ ልማድ ሦስት ሽማግሌ ሰበሰበና ሮቢት መስጊዱ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ለኑሩ ተደወለ፤ ድምፁ ለሁላችን እንዲሰማ ተደረገ።

«ካርዴ ጠፍቶብኝ ነበር» አለ ኑሩ። «ሞተር የሚባል ነገር አላውቅም።»

«ኑሩ፣ አጎትህ ነኝ» አለ አያ እንድሪስ።

ስልኩ ተዘጋ። አያ እንድሪስ ኋላ ነው የነገረን፤ ኑሩ ወደ ሳዑዲ ከተመለሰ በኋላ ደውሎ ግማሹ መሬት በስሜ ይዙርልኝ ብሎት፣ እሱም የልጆቼ ነው ብሎ እንቢ ብሎት ነበር።

ሽማግሌዎቹ ኑሩ በዓይናችን ፊት ሞተሩን ይዞ ሲገባ አይተናል፣ ገዛሁልህ ሲለውም ሰምተናል ብለው አስጻፉ። በአውራ ጣታቸው ፈረሙበት። በአንድ ባጃጅ ታጭቀን ቆቦ ባንክ ገባን። እዚያ የነበረችው ሠራተኛ አንብባ ስትጨርስ ተነሥታ ቆመች።

«አባቶቼ፣ እኔ አምናችኋለሁ» አለች። «ማመን ያለበት ግን ውጭ ያለው ባንክ ነው። እሱ ሽማግሌ አያውቅም፤ የሚጠይቀው የተፈረመበትን ስሊፕ ነው።» ወደ እኔ ዞረች። «ስሊፑ የታለ?»

አምስት ሰው አየኝ። ጥቁሩ ስሊፕ በደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። ላወጣው እጄን ሰድጄ ነበር፤ የላብ መጥረጊያዬን ብቻ ይዞ ተመለሰ።

«ሙቀቱ በላው» አልኩ። «ሱቄ ቆርቆሮ ነው።»

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። የቆቦ ሙቀት የማይበላው ነገር እንደሌለ ስንት ዓመት ስነግራቸው ኖሬአለሁ።

ገንዘቡ ተቀነሰ። ይህን ብቻ ብችለው ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን ለአዲስ አበባው አስመጪ የቀን ቀጠሮ ያለው ቼክ ፈርሜ ነበር። ቀኑ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ሂሳቤ ባዶ ነው። ደረቅ ቼክ ደግሞ ያስራል። ያለኝ መውጫ አንድ ሞተር ብቻ ነው፤ እሱም ሮቢት ሽንኩርት እያጠጣ ነው።

በጥር አጋማሽ ኢሱዙ ተከራይቼ ሄድኩ። በመንገዱ ሁሉ ምን ብዬ እንደምጀምር ሳሰላስል ነበር። መጀመር አላስፈለገኝም። የቼኩ ወሬ ቀድሞኝ ኖሮ አያ እንድሪስን የሞተሩን ብሎን ሲፈታ አገኘሁት። ሽንኩርቱ ራስ መያዝ ጀምሯል፤ ቅጠሉ አረንጓዴ፣ አፈሩ ገና ከጠዋቱ ውኃ የራሰ ነው።

እትዬ ዘሃራ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ መጣች። «አንድ ወር ብቻ ብትታገሠን ምን ነበር? ሽንኩርቱ ሲነሣ እንከፍልሃለን፤ ካልከፈልን ያኔ ሞተሩን ትወስዳለህ» አለችኝ።

መልስ ከመስጠቴ በፊት እሱ ቀደመኝ። «ተይው ዘሃራ። ሰውየው ሊታሰር ነው። ያዋረደው የእኛ ደም ነው፤ እሱ ምን አጠፋ?»

ያን ጊዜ የስሊፑን እውነት መናገር ነበረብኝ። ብነግረው ምናልባት ሞተሩን አንድ ወር ለምኖኝ ሳይሆን አዝዞኝ ያስቀረው ነበር፤ መብቱም ነበር። እኔ ግን የሞተሩን ሌላ ጫፍ ያዝኩና አብረን አነሣነው። ከባድ ነበር። ሰዓዳ ደጃፉ ላይ ቆማ መመሪያውን አምጥታ ሰጠችኝ፤ ሳይጠፋ አስቀምጣው ነበር። ምሳ ሳትበላ አትሄድም ብለውኝ በላሁ። የበላሁትን አላስታውስም። እኔ የበላሁትን የማላስታውስ ሰው አይደለሁም፤ በአሥራ ሁለት ዓመቴ የበላሁትን ሰርግ ከነጨዉ እነግራችኋለሁ።

ሞተሩን ዋጃ ላለ ገበሬ ሸጥኩት። ቼኩ ተከፈለ። አያ እንድሪስ ከነቤተሰቡ በጀሪካን ውኃ እየቀዳ ሦስት ሳምንት ታገለ፤ ሽንኩርቱ ነጭ ሽንኩርት አክሎ ቀረ። ለከርሞ ሰዓዳ ቆቦ አልመጣችም። ክረምቱ ሳይወጣ ከሰፈሯ ልጆች ጋር በአፋር በኩል ወደ ባሕሩ ሄደች። ከየመን ሁለት ጊዜ ደውላለች። ሦስተኛውን እናትና አባቷ እስከ ዛሬ እየጠበቁ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቆቦ ያላየችው ነገር የለም፤ ሱቄም ተዘርፎ እንደገና ቆሟል። ስለ ውሉ ብዙ አስቤአለሁ። ሰዎች ባንኩን ሲያሙ እሰማለሁ፤ እኔ አላማውም። ሸጥኩ ላልከው ነገር ማስረጃውን ያዝ፣ ካልያዝክ ጉዳቱ ያንተ ነው ይላል፤ አግባብ ነው። ፈርሜበታለሁ። ጉዳቱ የእኔ ነበር። እኔ ነኝ በኢሱዙ ወስጄ ሮቢት ያራገፍኩት፤ ለዚያ የሚሆን አንቀጽ ውሉ ውስጥ የለም።

አያ እንድሪስ ዛሬ ዓይኑ ደክሟል። በገበያ ቀን ከሮቢት ሲመጣ ሱቄ ውስጥ አረፍ ይላል፤ ለስላሳ እጋብዘዋለሁ፣ ውሸቴን እደረድርለታለሁ፣ ይስቃል። ስንት ጊዜ ዛሬስ እነግረዋለሁ ብዬ ወንበር አስጠግቻለሁ። ወንበሩን ካስጠጋሁ በኋላ የሚመጣልኝ ቀልድ ነው።

ባለፈው ገበያ ሊሄድ ሲነሣ በትሩን ተደግፎ እጄን ያዘኝ። ዕድሜዬ እያለቀ ነው አለ። «በእኛ ልጅ ምክንያት ያኔ ተጎድተሃል። ገንዘብህን ከሰርክ፣ ስምህ ባንክ ላይ ተነሣ። ኑሩ አልጠየቀህም፤ እኔ ልጠይቅህ። ይቅር በለን።»

ሱቁ ውስጥ ሁለት ደንበኞች ነበሩ። እጄን የያዘው እጁ ሣስቷል፤ አጥንቱ ይቆጠራል።

«ይቅር ብያለሁ አያ» አልኩት።

መዳፉን ዘርግቶ ሊመርቀኝ ጀመረ። እኔም እጄን ዘርግቼ በየመሐሉ አሚን፣ አሚን አልኩ።