ንጹሑ ካርቶን

የትምህርት ቤቱ ሾፌሮች ባልደረባቸውን «ካርቶን» ይሏታል። ፊት ለፊት የሚላት የለም፤ ምላሷን ያውቁታላ። ስሙ የወጣላት ከአንድ ልማዷ ነው። ማታ መኪናዋን ግቢ አስገብታ ስታቆም ከሞተሩ ሥር ካርቶን ትዘረጋለች፤ ጠዋት ፊቷን እንኳ ሳትታጠብ ተንበርክካ ጎትታ ታየዋለች። ጥቁር ከሆነ ዘይት ነው፤ ወደ አረንጓዴ የሚወስደው የራዲያተር ውሃ፣ ቀላ ያለው ደግሞ የማርሽ ዘይት። የመኪና ሽንት ትመረምራለች እያሉ ይሳሳቁባታል። ይሳቁ። የእነሱ አውቶቡስ መንገድ ላይ ሲገተር ተማሪዎቹን ሰብስባ ቤታቸው የምታደርሰው እሷ ናት።

ልማዱን ያወረሳት አባቷ ነው፣ ከመኪናው ጋር። መኪናው ነጭ ነበር፤ አሁን ምን ቀለም እንደሆነ መናገር ያስቸግራል። ከሞተሩ በስተቀኝ በኩል፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ፣ የኮት ቁልፍ የምታህል ዘይት ያንጠባጥባል። ታናሽ ወንድሟ መካኒክ ነው፤ ጋራዡ ከግቢያቸው በር ጋር የተለጠፈ ነው፤ የሚያድረውም እዚያው ነው። «እትዬ፣ ያቺን የዘይት ማገጃ ጎማ ልቀይርልሽና ዘይቱ ይቁም» ሲላት፣ «ተዋት፤ እሷ እስካለች ሞተሩ ዘይት እንዳለው አውቃለሁ» ትለዋለች። አባቷም እንዲሁ ይል ነበር። ወንድምዬው መጠየቁን ካቆመ ቆይቷል፤ ጠብታዋንም ረስቷታል። ቀኑን ሙሉ ዘይት በሚያዘንብ መኪና ሥር ተንጋሎ ለሚውል ሰው አንዲት ጠብታ ምኗ ይታየዋል?

ቤቱ ውስጥ እናታቸው አለች። ወድቃ ወገቧን ካጣች ወዲህ አልጋ ላይ ናት፤ አልጋዋ መስኮቱ ሥር ነው፤ ግቢውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ታያለች። የምታጥባት፣ የምታገላብጣት፣ የምታጎርሳት ሴት ልጇ ናት። ወንዱ ከበሩ ላይ ሆኖ «እማዬ፣ እንዴት አደርሽ» ይልና ይሄዳል። እጄ ዘይት ነው ይላል። እጁ ዘይት ያልሆነበት ቀን መቼ እንደነበረ የሚያስታውስ የለም። «ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ አንጀቱስ ከእኔ ጋ ነው» ትላለች እናት። እያጠበች ያለችው ልጅ ይህንን ሰምታ ጥርሷን ነክሳ ፎጣውን ትጨምቃለች።

እንዲህ እየኖሩ ሳለ ስልክ ተደወለ። ድንበር ማዶ ያገባችው የሾፌሯ ልጅ ናት። ነፍሰ ጡር ናት፤ ሐኪሞቹ በምጥ አትወልጂም፣ በቀዶ ጥገና ነው ብለው ቀን ቆርጠውላታል። ባሏ መርከብ ላይ ነው የሚሠራው፤ በዚያን ቀን የት ባሕር ላይ እንደሚሆን እሱም አያውቅም።

«ሰርጌ ላይ አልመጣሽም» አለች ልጅቷ፣ ሰላምታውን ሳታደርስ።

«እማማ ታማብኝ ነበር፤ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። ዋዜማውን ነው የታመመችው። አሁን ሆዴን ሊቀድዱኝ ነው፣ እናቴ። ሲያስገቡኝ በሩ ላይ ቆመሽ ላይሽ እፈልጋለሁ። ካልመጣሽ ሁለተኛ አልጠራሽም።»

ስልኩ ተዘጋ። ልጅቷ እንደ አያቷ ናት፤ ያለችውን ታደርጋለች። እናትየው ይህንን ስለምታውቅ እዚያው የቆመችበት ወሰነች። ልጅቷ ያለችበት ከተማ አውሮፕላን አያርፍበትም፤ በአውቶቡስ ከሆነ ሲወርዱ ሲሳፈሩ መክረም ነው። ደግሞ ልጅቷ ሕፃን ሳለች የተኛችበት የእንጨት አልጋ አለ፤ ተፈታቶ መኪናው ኋላ ላይ ይገባል። «በመኪናዬ ነው የምሄደው» አለች።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ ቤት መሆኑ ቀረ። አሮጊቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ማንኪያ ሲቀርብላት ከንፈሯን ገጠመች። «ሂጂ። እኔ ስሞት በስልክ ይነግሩሻል» አለች። ወንድምዬው ደግሞ ከሞት የባሰ ነገር የመጣበት ይመስል ግቢ ውስጥ እየተንጎራደደ ይጮህ ጀመር።

«ያ ቆርቆሮ ነው ድንበር የሚሻገር? አቀበቱ ላይ ነው የሚተፋሽ!»

«የምትጠግነው አንተ ነህ። ቆርቆሮ ከሆነ ውርደቱ ያንተ ነው።»

«እማዬንስ ማን ሊያያት ነው?»

«አንተ ነሃ።»

«እኔ?»

«ጠዋት ጠዋት ጎረቤታችን መጥታ ታጥባታለች፤ አነጋግሬያታለሁ። ማጉረሱና ማገላበጡ ያንተ ነው።»

«እኔ እኮ ወንድ ነኝ!»

«ስታዝልህ ወንድ መሆንህን አታውቅም ነበር?»

በሩን ጓ አድርጎ ዘጋው። ከዚያ በኋላ ስለ መኪናው ብትጠይቀው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ኮፈኑን ከፍታ ስትጠራው ሬዲዮውን ከፍ ያደርጋል።

ስለዚህ ሁሉንም ብቻዋን ያዘችው። የፊት ጎማዎቹን አስቀየረች፤ ስኮርቱን፣ ትርፍ ጎማውን፣ ነፋች። ክሪክ፣ የእሳት ማጥፊያ፣ መንገድ ላይ የሚቆመው ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት፣ ትርፍ አምፖል፣ ውሃ በጀሪካን። ለመኪናው ማዶ የሚሠራ ኢንሹራንስ ያስፈልጋል፤ ይዘሽው ወጥተሽ ይዘሽው ትመለሻለሽ የሚል የጉምሩክ ወረቀትም አለ፤ ለሷ ለራሷ ደግሞ ክትባት። በየቢሮው መስኮት የተቀመጠው ሁሉ «ብቻሽን ነሽ? በዚህ መኪና?» ይላታል። አንዱማ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ «ባልሽ ያውቃል?» አላት። «ሞቶም ካንተ የተሻለ ያውቃል» ብላ ወረቀቷን ከእጁ ነጠቀችው።

ከሁሉ የከበዳት ግን ሌላ ነው። ማዶ የሚነዳው ግራ ተይዞ ነው። ዕድሜ ልኳን ቀኝ ስትይዝ ኖራለች፤ እጇም እግሯም የለመዱት እሱን ነው። በእረፍት ቀን ባዶው የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ድንጋይ ደርድራ፣ አደባባይ ሠርታ፣ በግራ ስትዞር ዘበኛው ሆዱን ይዞ ይስቃል። ቤት ውስጥም አልተወችውም፤ የሾርባውን ትሪ ይዛ በኮሪደሩ ስትሄድ የግራውን ግድግዳ ታክካ ነው፤ ወደ እናቷ ክፍል ስትታጠፍ ሰፋ አድርጋ ትዞራለች።

«ሰክረሻል እንዴ?» አለች እናት አንድ ቀን።

«ግራ እየያዝኩ ነው፣ እማዬ።»

«ግራ የገባሽስ አንቺ ነሽ» አለችና ፊቷን አዞረች።

የጉዞው ዋዜማ ወንድምዬው አንገቱን ደፍቶ መጣ። «እትዬ፣ ቁልፉን ስጪኝ። ሆዴ አልችል አለ፤ አንዴ ልፈትሽልሽ» አላት። እሷ የመጨረሻዋን ወረቀት ማኅተም ለማስመታት እየወጣች ነበር። ቁልፉን ስትሰጠው ዓይኗ እንባ አቀረረ። ቂል ሆና አይደለም፤ ሰው ከወንድሙ ጋር ተኳርፎ ሩቅ አገር መሄድ ይከብደዋል። ስትመለስ «ምንም የለበትም፣ እንደ አዲስ ነው» አላት። የሕፃኑን አልጋ ጫነች፣ ካርቶኗን ዘረጋች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና እንቅልፍ ተኛች።

ጎህ ሲቀድ ወጣች። ተንበረከከች፣ ካርቶኑን ጎተተችው። ንጹሕ ነው። «ተመስገን» አለችና ወደ ጎን አስቀመጠችው። ብድግ ብላ ሳትጨርስ ተመልሳ ተንበረከከች። መልሳ አነሳችው። ገለበጠችው። ምንም የለበትም፤ ያቺ የኮት ቁልፍ የምታህለው ጠብታም የለችም።

አባቷን ከቀበሩት ወዲህ፣ ከዚያም በፊት፣ ያቺ ጠብታ ቀርታ አታውቅም። ዘይቱ አልቆ ይሆን ብላ መለኪያውን መዘዘች፤ ሙሉ ነው። እንግዲያውስ መኪናው አንጠባጥቧል፤ ካርቶኑ ነው የሷ ያልሆነው። ካርቶን ደግሞ ማንም አይሰርቅም፤ እንዳይታይ የተፈለገ ነገር ካላረፈበት በቀር።

ኮፈኑን ከፈተችና ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ዳበሰች። ከራዲያተሩ ግርጌ የሚወጣው ወፍራም ጎማ እጇን አረጠበው። የብረት ማሰሪያውን ቡሎን ነካችው፤ በጣቷ ዞረ። ሞተር እንዲህ ሆኖ ከተማውን ይወጣል፤ አቀበቱ ላይ ሲደርስ ግን ውሃው ያልቅና ይቃጠላል። ጋራዡ በር ላይ የተከመረውን ቆሻሻ በእግሯ በተነችው። ካርቶኗ እጥፍጥፍ ብሎ ከታች ተወሽቋል። ስትዘረጋው ጥቁሯ ጠብታ ቦታዋ ላይ ናት፤ ከጎኗ የራዲያተሩ ውሃ ካርቶኑን አረንጓዴ አድርጎ አበስብሶታል።

ደሟ ፈላ። የጋራዡን በር በቡጢ ደበደበችው። ወንድምዬው እያዛጋ ወጣ።

«ይሄን ታውቀዋለህ?»

«ምኑን?» አለ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ።

ካርቶኑን ደረቱ ላይ ለጠፈችለት። ሸሚዙ ሲረጥብ ዝቅ ብሎ አየውና መዋሸቱን ተወው። «ከከተማ ብዙም ሳትርቂ ይሞቅና ትመለሻለሽ ብዬ ነው። ክፉ አስቤ አይደለም።»

«አቀበት ላይ፣ ከኋላዬ የጭነት መኪና እያለ ቢቆምስ?»

«ለእማዬ ብዬ ነው አልኩሽ!»

«ለእማዬ? ማንኪያ ፈርተህ ነው! አንድ ማንኪያ ሾርባ ላለማንሳት እህትህን ገደል ልትከት ነበር!»

የሚገባበት ሲያጣ ድምፁን ከፍ አደረገ። «እኔ ላይ ብቻ ምን ታፈጪብኛለሽ? እሷም አለችበት! በመስኮት አየችኝ፣ ጠራችኝ፣ ሁሉንም ነገርኳት። እህትህ ጠዋት ሳትነሳ ካርቶኑን በንጹሕ ቀይረው ያለችኝ እማዬ ናት!»

እሷ ይህንን አልጠበቀችም። ወንድሟን መጥላት ቀላል ነበር፤ ጀምራውም ነበር። ካቻቢቴውን ከኪሱ መዝዛ ወሰደች። ማሰሪያውን ራሷ አጠበቀች፣ ውሃውን ሞላች፣ ሞተሩን አስነስታ ቱቦው መድረቁን እስክታረጋግጥ ቆመች። ከዚያ ወደ ቤት ገባች።

አሮጊቷ ነቅታለች። ፊቷ ወደ መስኮቱ ነው።

«እሱ የሚለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ጀርባሽ እንዳይቆስል ሌሊት ሁሉ እየተነሳሁ ሳገላብጥሽ የኖርኩት ለዚህ ነው? የልጄን ሰርግ ላንቺ ብዬ ነው የቀረሁት!»

«ያኔ አልታመምኩም ነበር» አለች እናት።

«ምን?»

«ደህና ነበርኩ፤ ያኔ ገና አልወደቅኩም። እንዳትሄጂብኝ ነው የተኛሁት። የፈለግሽውን በይ።»

የእናቷን ትራስ አንስታ ግድግዳው ላይ ብትወረውረው ደስ ይላት ነበር። ልጇ ያለ እናት ተድራ፣ ያንን ሁሉ ዓመት ተቀይማት፣ ምክንያቱ ይሄ ነበር! ጠልታታለች፤ በዚያች ደቂቃ እናቷን ከልቧ ጠላቻት። ፊቷን አዙራ ወደ በሩ ስትራመድ ከኋላዋ ድምፅ መጣ።

«ካርቶኑ ንጹሕ ሆኖ አገኘሽው?»

«አዎ! ያዘዝሽው አይደል!»

«ንጹሕ ሆኖ አይተሽው ታውቂያለሽ?»

ቆመች።

«አባትሽ እዚህ ግቢ ውስጥ ስንት ዘመን ተንበረከከ? ከሱ በኋላ አንቺስ? እኔ ከዚህ መስኮት ሌላ ምን አያለሁ?» እናት በአገጯ ወደ ግቢው አመለከተች። «ያ ጅል ወንድምሽ ጠብታዋን ረስቷታል። እኔ አልረሳኋትም። ንጹሕ ካርቶን ካየሽ ኮፈኑን እንደምትከፍቺ አውቅ ነበር።»

«እና ለምን አልነገርሽኝም?»

«አፌ ሂጂ አይልልኝማ! እንድትሄጂ አልፈልግም። አሁንም አልፈልግም። ግን ቤት እንድትቀሪልኝ ነው እንጂ መንገድ ላይ እንድትቀሪ አይደለም።»

ልጅ ተመልሳ ጎንበስ ብላ ልትስማት ስትሞክር እናት ፊቷን ሸሸገች። «ሂጂ፣ ጥፊ ከፊቴ። ሾርባውን ለሱ ስጪው።»

የሾርባውን ሳህንና ማንኪያውን ከራስጌዋ አንስታ ወጣች፤ በሩ ላይ ለተገተረው ወንድሟ እጁ ላይ አኖረችለት።

«እጄ ዘይት ነው» አለ።

«ታጠብ» አለችው።

ሞተሩን አስነሳች። ኋላ የሕፃኑ አልጋ እንጨቶች እርስ በርስ እየተጋጩ ከግቢው ወጣችና በልማዷ ቀኟን ይዛ ታጠፈች። የአሮጊቷ ድምፅ በመስኮቱ እየሰለለ እስከ መንገዱ ደረሰ።

«ግራሽን ያዢ! አንቺ ደረቅ፣ ግራሽን ያዢ!»

ድንበሩ ገና ሩቅ ነው፤ እዚህ የሚያዘው ቀኝ ነው። «እሺ፣ እማዬ» አለች፣ እናቷ እንደማትሰማት እያወቀች።